ግራ የኋላ

ቤርሳቤህ ከተማ፣ በሦስተኛው ፎቅ፣
ሰው ይጨባበጣል አንዱ እንኳ ሳይስቅ፤
ውጭ የነሐሴ እሳት፣ ውስጥ የማሽን ብርድ፣
ሰባት ሰው ተሰይሟል ጎማ ላይ ሊፈርድ።

ጎማው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ተኝቷል፣
ትከሻው ተተርትሮ ሽቦው ተጎልጉሏል፤
ክር የወጣው ቀሚስ፣ የተበላ ገመድ፣
በአሥራ አራተኛው ዙር በቅጽበት የሆነ አመድ።

ከራዓናና የመጣው የጎማው ወኪል
ግድግዳ ላይ አበራ የመስመር ሥዕል፤
«እኛ የጻፍነው ግፊት ሃያ ሦስት ነው፣
እናንተ የሞላችሁት ሃያ አንድ ነው፤
ጥፋቱ የማነው?»

የቡድናችን መሐንዲስ፣ ኤፍራት ዳዶን፣
በጣቷ እያሽከረከረች አንድ ትርፍ ቡሎን፦
«ሃያ ሦስት ቢሞላ መኪናው ይንሸራተታል፣
ሁሉም ቡድን ይቀንሳል፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤
ጎማውን የበላው የመታጠፊያው ጠርዝ ነው፣
የብረት ጥርስ ያለው።»

የትራኩ ባለቤት ወንበሩን ገፋ፣
ሳቅ ይሁን ንዴት ከአፍንጫው ተነፋ፦
«አስፋልቱ ስልሳ ሁለት ዲግሪ ተለካ፤
ፀሐይን ያበራሁ እኔ ኖሬያለሁ ለካ!»

የማኅበሩ ሰው ደንቡን ገለጠና፦
«‹ይመከራል› ይላል፣ ‹ግዴታ ነው› አይልም፤
በምክር የተከሰሰ እስከ ዛሬ አላየንም።»

አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል ነገሩ ዞረ፣
እንደ ጎማው ሁሉ ክብ ሆኖ ቀረ።
ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ሲጮህ ሰማሁ፤
እኔ ግን ጅቡ ሲያልፍ ደጅ ቆሜ ነበርሁ።

ስሜ አስረስ ነው፤ በወረቀት «አሳፍ»።
ዲሞና ነው ቤቴ።
ሃያ ስድስት ዓመት ጎሚስታ ነኝ፤
ለጭነት፣ ለአውቶቡስ፣ ለትራክተር፣
ኋላም ለውድድር።
መለኪያ ይሳሳታል፣ አውራ ጣቴ አይሳሳትም፤
የጎማን ሕመም ለማወቅ ሐኪም አልጠይቅም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግራ የኋላውን ዳበስሁ።
ከትከሻው ዝቅ ብሎ
ሽንብራ የምታህል እብጠት አገኘሁ።
ጠመኔ አወጣሁ፣ ኤክስ አሰመርሁ፣
«ይሄ አይገባም» አልሁ።

ኤፍራት ስልኩን ዘጋች። «ወኪሉ ችግር የለም ብሏል፤
ትርፍ ጎማ አላመጣንም፣ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል።»

አልተጣላሁም። አልጮህሁም።
ምልክቱን በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁት፣
አምስቱን ቡሎን በተራ አጠበቅሁት።
ኢታማር ከራስ ቁሩ ውስጥ በዓይኑ ብቻ ስቆ
አውራ ጣቱን አነሣልኝ።
እኔም አነሣሁለት።
ያንኑ አውራ ጣት።

ሃያ ሦስት ነው — ግፊቱ አይደለም፣ ዕድሜው፤
ከወገቡ በታች ግን እግሩ አይታዘዘው።

«አቶ አስረስ፣ እርስዎስ ያዩት ነገር ነበር?»
የኤፍራት ቡሎን ቆመ።
እጅጌዬን አየሁት። ሦስት ጊዜ ታጥቧል፣
ጠመኔው ለቋል፤
ለእኔ ብቻ ይነጣል።

«አይቻለሁ» አልሁ፤ «እብጠቱን ያየው ዓይኔ፣
ምልክቱን የጻፍሁ፣ ያጠፋሁትም እኔ።
ያዘዘችኝ አለች፤ ላዘዘችኝም አዛዥ አላት፤
ያም ከላዩ ሰው አለው፣ እስከ ባሕር ማዶ ድረስ።
ትእዛዝ ግን ቡሎን አያጠብቅም፤
የሚያጠብቀው እጅ ነው።»

የሰባቱም ብዕር ያኔ ፈጠነ፤
ትከሻ ተገኘና ክፍሉ ቀለል አለ።
ወኪሉ ውሃ ጠጣ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣
ባለቤቱም ቁልፉን ከኪሱ ፈለገ።
ግድ የለም፤ ከእጆቹ አንዱ የእኔ ነው፣ ይጻፉት።
የቀሩትን እጆች ግን
ጠረጴዛው ሥር ሲያስገቧቸው አየሁ።

ማታ፣ ከጣቢያው፣
የዲሞና አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ፣
ሰው ሁሉ ወንበር ይዞ፣
ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፦
«ሰውዬ፣ ትገባለህ ወይስ ትቀራለህ?»
እኔ ጎንበስ ብዬ፣
ግራ የኋላውን፣
በአውራ ጣቴ።